የዊንድሁክ ከተማ የመጠጥ ውሃ አቅርቦትና የፍሳሽ ማጣራት ሥራ

(በድርቅና በሰፈራ አካባቢዎች ለተሰማሩ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ድርቅ በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ የምንቆጥረው እህልን ነው። ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ኩንታል ታደለ፣ ስንት ቤተሰብ ድርሻውን አገኘ ብለን እንመዘግባለን። ስለ ውሃ የምንጽፈው ከዚያ ቀጥሎ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ቦቴ ተመላለሰ ከሚለው አያልፍም። ሰው የጠጣውና የታጠበበት ውሃ ተመልሶ ወዴት እንደሚሄድ ግን በሪፖርታችን ላይ ዓምድ አልተሰመረለትም። ዛሬ እንዳቀርብ የታዘዝሁት ገለጻ ይህንኑ ያልተሰመረ ዓምድ የሚመለከት ነው።

ለአብነት የመረጥሁት የናሚቢያን ዋና ከተማ ዊንድሁክን ነው። ከተማይቱን የመረጥሁበት ምክንያት ሀብታም ስለሆነች አይደለም፤ ድርቅ ያስጨነቃት ትንሽ ከተማ ሆና ሳለ በዓለም ላይ ማንም ከተማ ያልደፈረውን ሥራ ቀድማ ስለሠራች፣ በዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ የዚህ ሥራ ጥቅም ያልደረሳቸው ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ስለሚታወቅ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የመሣሪያውን ነገር በሚገባኝ መጠን፣ ለሌላውም ይገባል ብዬ በማስበው አማርኛ እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ዊንድሁክ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው፣ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። አዲስ አበባ በፍልውሃ አጠገብ እንደተቆረቆረች ሁሉ ዊንድሁክም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምንጮች ምክንያት ነው። የናማ ሕዝብ ቦታውን በቋንቋው የፍል ውሃ ስፍራ ሲለው፣ የሄሬሮ ሕዝብ ደግሞ የእንፋሎት ስፍራ ይለዋል። ይሁን እንጂ ምንጮቹ ለመንደር እንጂ ለከተማ የሚበቁ አልነበሩም። ጉድጓድ እየተቆፈረ የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዛት ሲቀዳ ምንጮቹ ደረቁ።

የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 370 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዓመት ውስጥ በትነት ሊሄድ የሚችለው የውሃ መጠን 3,400 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል። እንግዲህ ሰማይ አንድ ሲሰጥ ፀሐይ ዘጠኝ ለመውሰድ የምትጠብቅበት አገር ነው ማለት ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ ቢፈለግ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በኩል የሚያልፈው ኦካቫንጎ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የባሕሩን ውሃ ጨዉን አስለቅቆ ማምጣት ይቻላል የሚል ሐሳብም ይነሣል፤ ነገር ግን ባሕሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመራቁም በላይ ውሃውን ከጠረፍ እስከ ከተማይቱ ከፍታ ድረስ ሽቅብ መግፋት ያስፈልጋል።

የከተማው አስተዳደር በ1933 አቪስ የተባለውን፣ በ1958 ደግሞ ጎሬአንጋብ የተባለውን ግድብ አሠራ። ሁለቱም ትንንሽ ግድቦች ናቸው። ጎሬአንጋብ በተለይ ከከተማይቱ በታች የተሠራ በመሆኑ፣ ዝናብ በዘነበ ጊዜ የከተማውን እድፍ ሁሉ ጠራርጎ የሚቀበል ሆነ። ሕዝቡ እየበዛ፣ ዝናቡ እየተዛባ ሲሄድ መሐንዲሶቹ በሸለቆው ውስጥ በበጋም በክረምትም ሳያቋርጥ የሚፈስ አንድ ወንዝ ብቻ እንዳለ ተገነዘቡ። እሱም የከተማይቱ የራሷ ፍሳሽ ነበር።

በዚህ መሠረት በ1968 የጎሬአንጋብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የወጣውን ፍሳሽ ደረጃ በደረጃ አጣርቶ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ሳይመልስ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር የሚያስገባ በዓለም የመጀመሪያው የከተማ ማጣሪያ ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ነዋሪ ቁጥር ከ100,000 በታች ሲሆን፣ የማጣሪያው አቅም በቀን 4,800 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። ከዚህ ሥራ በኋላ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፎን ባኽ፣ ስዋኮፖርትና ኦማታኮ የተባሉ ሦስት ትልልቅ ግድቦች ከከተማይቱ በስተሰሜን ተሠርተው በቧንቧ ተያያዙ። ከሦስቱ ውስጥ ፎን ባኽ ጥልቀት ያለውና በትነት የሚያጣው ውሃ አነስተኛ የሆነ በመሆኑ፣ በሌሎቹ ሁለቱ የተጠራቀመው ውሃ ፀሐይ ሳትወስደው ወደዚያ ይገፋል። ሆኖም ግድቦቹ የሚሞሉት በሚዘንብበት ዓመት ነው። በ2002 ከአሮጌው ማጣሪያ አጠገብ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ማጣሪያ ከጀርመን የልማት ባንክና ከአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በተገኘ ብድር ተሠርቷል። አሮጌውም አልተጣለም፤ ለመናፈሻና ለስፖርት ሜዳ የሚሆን፣ ለመጠጥ የማይሆን ውሃ በተለየ ቧንቧ እንዲያቀርብ ተደረገ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ይህን ክፍል ትንሽ አስፍቼ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የፍሳሽ ማጣራት ሲባል አንድ ትልቅ ወንፊት ያለ ስለሚመስለው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማጣሪያው ሳይሆን ከየቤቱና ከየፋብሪካው ደጃፍ ነው። የቆዳ ማልፊያው፣ የቄራውና የመሳሰሉት ድርጅቶች ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል ተለይቶ ኡጃምስ ወደተባለ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። ሰው ከበላውና ከጠጣው የሚወጣው እድፍ ጠባዩ የታወቀ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ኬሚካል ግን ዛሬ አንድ ዓይነት ነገ ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ከተደባለቀ በኋላ መልሶ መለየቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ብዙ ጥቅም የሰጠው ይህ ውሳኔ ነው።

የመኖሪያ ቤቶቹ ፍሳሽ ጋማምስ ወደተባለው ጣቢያ ይደርሳል። በዚያም ጨርቁና ፕላስቲኩ በፍርግርግ ይያዛል፤ አሸዋው ይሰፍፋል ተብሎ ስለማይጠበቅ በዝግታ በሚፈስበት ቦይ እንዲዘቅጥ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ፍሳሹ አየር በሚነፋባቸው ገንዳዎች ውስጥ ይገባና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይመገቡታል። የባለሙያው ተግባር ለእነዚህ ተሕዋስያን የሚስማማቸውን አየርና ጊዜ መጠበቅ ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጥንስሱን እንደማትቸኩለው፣ ብርድም እንዲያገኘው እንደማትፈቅድ፣ ይህም ሥራ እንደዚያው ጥበቃ ይፈልጋል። ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ሲጨርሱ ዝቃጩ ይለያል፤ ውሃውም በሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። በዚህ ደረጃ ያለው ውሃ ለዓይን የጠራ ይመስላል፤ ለመጠጥ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

በጎሬአንጋብ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በመጀመሪያ ውሃው ኦዞን በተባለ ጋዝ ይታከማል። ቀጥሎ የብረት ጨው ይጨመርበትና በውሃው ውስጥ የተበተነው ረቂቅ ብናኝ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይቋጥራል። ከሥር በሚለቀቁ ረቂቃን የአየር አረፋዎች አማካይነት የተቋጠረው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከተናጠ ወተት ላይ ቅቤ እንደሚወጣ ከላዩ ይገፈፋል። ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያም ኦዞን ለሁለተኛ ጊዜ ይሰጠውና ሽታን፣ ቀለምንና የኬሚካል ርዝራዥን የመሳብ ጠባይ ባለው፣ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ከሰል ውስጥ ይወርዳል። በመጨረሻም ከባክቴሪያ አካል ያነሰ ቀዳዳ ባላቸው ስስ ማጣሪያዎች ውስጥ ተገፍቶ ሲወጣ ክሎሪን ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል አንዱ ብቻውን ሊታመን ስለማይችል ነው። ለአደገኛ ተሕዋስያን በተለይ ቢያንስ ሁለትና ሦስት የተለያዩ መከላከያዎች እንዲኖሩ ተደርጓል፤ አንዱን ያለፈውን ሌላው እንዲይዘው ነው። በየደረጃው የውሃው ጠባይ በመሣሪያ ይለካል፤ ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ልኩ ከተወሰነው ውጭ ከሆነ ውሃው ወደ ከተማ አይለቀቅም፤ ወደ ማጣሪያው መግቢያ ይመለሳል። የተጣራው ውሃም ብቻውን ለሕዝብ አይታደልም፤ ከግድብና ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ድርሻው በመደበኛው ጊዜ ከአራት እጅ አንዱ እጅ ያህል ሲሆን፣ በዕቅዱ ከፍተኛው መጠን ከመቶ 35 እጅ እንዲሆን ተወስኗል።

ከተማይቱ በማጣሪያው ብቻ ተማምና አልተቀመጠችም። በ1994 የወጣው የውሃ አጠቃቀም መመሪያ ብዙ ውሃ የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ መጠን ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፍል፣ የአትክልት ቦታ በቀትር ፀሐይ እንዳይጠጣ፣ የመዋኛ ገንዳዎችም እንዲሸፈኑ አዘዘ። ከዚህም ሌላ ግድቦቹ በሚሞሉበት ዓመት የተጣራ ውሃ በጉድጓዶች ወደ ከርሰ ምድር እንዲወርድና እንዲቀመጥ ተደርጓል። ይህ አሠራር አባቶቻችን ትርፍ እህልን በጉድጓድ ቀብረው ለክፉ ቀን ያቆዩ ከነበረበት ዘዴ የሚለይ አይደለም፤ ፀሐይ የማትደርስበት ውሃ አይተንም። በ2015 እና በ2016 ዝናብ ጠፍቶ ግድቦቹ እጅግ ዝቅ ባሉ ጊዜ ዊንድሁክን ያቆያት ይኸው ከምድር በታች ያለው ውሃና የጎሬአንጋብ ማጣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ሰው ይህን ውሃ እንዴት ጠጣው? የሚል ነው። ሥራው በተጀመረበት ዘመን አገሪቱ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ አስተዳደር ሥር ስለነበረች አብዛኛው ነዋሪ በማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ ሕዝቡ ወዶ ተቀበለው ለማለት አልደፍርም። እምነት የመጣው በኋላ፣ ውሃው ለብዙ ዓመታት እየተጠጣ በሽታ ባለማምጣቱ ነው። ለዚህም ከ1974 እስከ 1983 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን የጤና ጥናት ተደርጓል። የጥናቱ ውጤት በጉዳዩ ላይ ለተሰበሰብነው ለእኛ በጣም ጠቃሚ ነው። የተቅማጥ በሽታ ከቦታ ቦታ ልዩነት ታይቶበታል፤ ልዩነቱ ግን ሰዎቹ የተጣራ ፍሳሽ ያለበትን ውሃ ከመጠጣታቸው ወይም ካለመጠጣታቸው ጋር የሚያያዝ ሆኖ አልተገኘም። የተያያዘው ከኑሯቸው ሁኔታ ጋር ነበር።

ይህን የኑሮ ሁኔታ ለመረዳት ወደ ሌላው የከተማይቱ ታሪክ መሄድ ግድ ይሆናል። የዊንድሁክ ጥቁር ነዋሪዎች ኦልድ ሎኬሽን ይባል በነበረ ሰፈር ይኖሩ ነበር። አስተዳደሩ ከከተማው ርቆ ወደተሠራ አዲስ ሰፈር ተነሡ ባላቸው ጊዜ እምቢ አሉ፤ በታኅሣሥ 10 ቀን 1959 በተቃውሞ ላይ ሳሉ ፖሊስ ተኩሶ ሰዎች ገደለ። አዲሱ ሰፈር ካቱቱራ ተባለ፤ ትርጉሙም በሄሬሮ ቋንቋ ለመኖር የማንፈልግበት ቦታ እንደ ማለት ነው። ኦልድ ሎኬሽን ጨርሶ የተዘጋው በ1968 ሲሆን፣ ይህም የጎሬአንጋብ ማጣሪያ ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። በሰፈራ ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ጽፈን ብንይዛቸው ይጠቅመናል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ አስተዳደር በውሃ በኩል በዓለም ቀዳሚ፣ በሰው በኩል ደግሞ እጅግ ኋላ ቀር ሊሆን ይችላል።

ናሚቢያ በ1990 ነጻ ከወጣች በኋላ ከሰሜኑ ገጠር ብዙ ሕዝብ ሥራ ፍለጋ ወደ ዊንድሁክ ጎረፈ። ማዘጋጃ ቤቱም ለመጪዎቹ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ በነሐቫናና በነጎሬአንጋብ የመቀበያ ቦታዎችን አዘጋጀ። ሐሳቡ ሰዎቹ ለጊዜው ዐርፈው ኋላ ቋሚ ቦታ እንዲያገኙ ነበር። ነገሩ ግን ጊዜያዊ መጠለያ በየትኛውም አገር እንደሚሆነው ሆነ፤ መቀበያው መኖሪያ ሆኖ ቀረ። በ2023 በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪ ግማሽ ሚሊዮን የተቃረበ ሲሆን፣ በቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ሕዝብ የፍሳሽ ቧንቧው ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት በላይ ጨምሯል።

ለእነዚህ ሰፈሮች ውሃ ቀርቦላቸዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው፣ ሒሳቡ አስቀድሞ የሚከፈልበት ቦኖ ተተክሏል። ከቦኖው የሚቀዳው ውሃ መሐል ከተማ ካለው ሰው ቧንቧ ከሚወርደው አያንስም። የጎደለው መጸዳጃ ነው። ብዙ ሰው በደረቁ ወንዝ ዳር፣ በቁጥቋጦ ሥር ለመጸዳዳት ተገደደ። ውሃው ከቦኖው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም በጀሪካን ተሸክመውት፣ በማሰሮ አስቀምጠውት፣ ባልታጠበ እጅ ተነክቶ ሊበከል እንደሚችል የጤና ሠራተኞቻችን ያውቁታል። በ2017 መጨረሻ ላይ በእነዚሁ በሐቫናና በጎሬአንጋብ ሰፈሮች የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ተነሣ። ይህ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ሲሆን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴቶች አደገኛ ነው። በሽታው ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተዛምቶ እስከ 2022 ድረስ ሲቆይ፣ በመላ አገሪቱ 8,000 ያህል ሰዎችን እንደያዘና ከ60 በላይ የሚሆኑትን እንደገደለ ተመዝግቧል።

ጎሬአንጋብ የሚለው ስም እንግዲህ ለሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ከየአገሩ መሐንዲሶች እየመጡ የሚጎበኙት ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ወረርሽኙ የተነሣበት ሰፈር ነው። ማጣሪያው ፍሳሽን ወደ መጠጥ ውሃ መለወጥ ይችላል፤ ሊለውጥ የሚችለው ግን የደረሰውን ፍሳሽ ብቻ ነው። ቧንቧ ያልተዘረጋለት ሰው ፍሳሽ ወደ ማጣሪያው አይመጣም፤ ወደ ጎረቤቱ ጀሪካን ይሄዳል። በ1984 እና በ1985 በአገራችን የመጠለያ ጣቢያዎች ያገለገሉ ባልደረቦቻችን ይህንን ከእኔ ይበልጥ ሊናገሩት ይችላሉ፤ ከረሃቡ ተርፎ እህል ወደሚታደልበት ቦታ የደረሰ ስንት ሰው በተቅማጥ ተቀጠፈ።

በእናንተ ዘንድ ይህ ሁሉ ለሰፈራ መንደር ምን ያደርጋል የሚል አሳብ ሊኖር ይችላል። እንደ ጎሬአንጋብ ያለ ማጣሪያ ለመንደር እንደማይሆን ግልጽ ነው። የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫና ኬሚካል፣ ሌሊትና ቀን የሚፈራረቅ የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል። ላቦራቶሪ የሌለው እንዲህ ያለ ማጣሪያ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ሰውን በሐሰት ያዘናጋልና። በደቡብ አፍሪካ ቢዩፎርት ዌስት የተባለች ትንሽ ከተማ ከከባድ ድርቅ በኋላ በ2011 ተመሳሳይ ማጣሪያ ልትሠራ የቻለችው ቧንቧው፣ ቆጣሪውና ባለሙያው ቀድሞ ስለነበራት ነው።

ወደ መንደር ሊሄድ የሚችለው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ቦኖ የሚተከልበት ቦታ በካርታ ላይ ምልክት በሚደረግበት ቀን የመጸዳጃው ጉድጓድና የእጣቢው መውረጃም በዚያው ካርታ ላይ ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል፤ ጉድጓዱም ከውሃው በታች በኩል ይሁን። የሚታለፍ ፈረሰኛም ሆነ የሚያድር ባለ ቦቴ በምንጩ በላይ በኩል እንዳይሰፍር የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። ቄራና ቆዳ ማልፊያ ባለበት የወረዳ ከተማ ፍሳሻቸው ከቤት ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል ገና ከመነሻው ይለይ፤ ይህ የአንድ ቦይ ቁፋሮ ሥራ ነው። ጊዜያዊ ተብሎ የተጻፈ መጠለያ ሁሉ አሥር ዓመት ይኖራል ተብሎ ይታሰብ። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ የሐቫና መቀበያ ሲዘጋጅ ጊዜያዊ ነው ከተባለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዊንድሁክ አሁን ሁለተኛ ተመሳሳይ ማጣሪያ ለመሥራት ዕቅድ ይዛለች። በዳርቻዎቹ ሰፈሮች መጸዳጃ የማዳረሱም ሥራ እንደቀጠለ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከሕዝቡ አመጣጥ ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። የማጣሪያውን ደረጃዎች የሚያሳየው ሥዕል ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ከእሱ ቀጥሎ የተሰቀለው የወርኃዊ ሪፖርታችን ቅጽ ሲሆን፣ በቀኝ በኩል ለመጸዳጃና ለፍሳሽ አዲስ ዓምድ በእርሳስ ተሰምሮበታል። በዓምዱ ውስጥ ምን ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ከየጣቢያችሁ ያላችሁን አስተያየት ከዕረፍት በኋላ እንቀበላለን።